አራት የማክስዊኒ ትከሻዎች

ሁለት ወንበሮች በድንጋይ ንጣፍ ላይ ሲወድቁ የሚያሰሙት ድምፅ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። ያን ጊዜ ገና ሕፃን ነበርኩ። በዶኔጋል ባለችው መንደራችን፣ በሚንባን፣ ሰው ሲሞት የሬሳው ሣጥን ከቤት ወጥቶ፣ ደጃፍ ላይ በተሰናዱ ሁለት ወንበሮች ላይ ያርፋል። ተሸካሚዎቹ ከፍ ሲያደርጉት ከቆሙት ሰዎች አንዱ ወንበሮቹን በእግሩ ገፍቶ ይጥላቸዋል። ሟቹ ተመልሶ እንዳይቀመጥ ነው የሚሉ ነበሩ። እናቴን ምክንያቱን ስጠይቃት ግን "ስለሚደረግ ነዋ" ከማለት በቀር ሌላ መልስ አልነበራትም። ወንበሮቹ ተራ በተራ ይንኳኳሉ፤ ከዚያ ሴቶቹ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ማልቀስ ይጀምራሉ፤ ከዚያም አራት ወንዶች ክንድ ለክንድ ተያይዘው፣ ሣጥኑን በትከሻቸው እንደያዙ፣ ቁልቁል ወደ ድንጋይ ድልድዩ ይወርዳሉ።

ከአራቱ አንዱ ሁልጊዜ ኮንዲ ነበር።

ሙሉ ስሙ ኮንዲ ማክስዊኒ ነው፤ ነገር ግን በሚንባን እንዲያ ብሎ የሚጠራው አልነበረም። በዚያ መንደር "ማክስዊኒ" ብሎ መጣራት ማንንም አለመጥራት ነበር። የእኛ የማክአቲሮች ቤትና ከወንዙ ማዶ ያሉት የፍሪሎች ቤቶች ሲቀሩ፣ ጭስ የሚወጣበት ጣሪያ ሁሉ የማክስዊኒ ጣሪያ ነው። ስለዚህ ሰው የሚለየው በአባቱና በአያቱ ነበር፤ እሱም "ኮንዲ የኦወን፣ ኦወን የቀይ ጠጉሩ ዶናል" ይባል ነበር። አዲስ ፖስተኛ ሲመጣ የመጀመሪያውን ሰሞን ሲሳደብ ነው የሚያሳልፈው። አንዱ ፖስተኛ በእኛ ደጃፍ ብስክሌቱን ግድግዳ ላይ አስደግፎ፣ "እነዚህ ሰዎች ሌላ ስም መግዣ አጡ እንዴ?" ብሎ አባቴን ሲጠይቀው፣ አባቴ "ይኸኛው አላለቀባቸውም" አለው።

በዚያ አገር ሟቹን ከደጃፉ እስከ ድልድዩ የሚያደርሱት በእሱ የቤተሰብ ስም የሚጠሩ አራት ወንዶች ናቸው። ከድልድዩ ወዲያ ጎረቤትም ሆነ መንገደኛ ትከሻውን ቢያስገባ ነውር የለውም፤ እንዲያውም ምስጋና ነው። ያች የመጀመሪያዋ ቁልቁለት ግን የስም ናት። ሴት ብትሞት እንኳ፣ ዕድሜዋን በሙሉ በባሏ ቤት ብትኖርም፣ የሚያነሷት የተወለደችበትን ስም የያዙት ናቸው። አያቴ በሞተች ጊዜ የአጎቶቿ ልጆች ከተራራው ማዶ በዝናብ በእግራቸው መጥተው ነበር ያነሷት፤ ልብሳቸው ሳይደርቅ ተመልሰው ሄዱ።

የማክስዊኒዎችን አራት የሚመርጠው ኮንዲ ነበር። ማንም ሹመት አልሰጠውም። ከልቅሶው ቤት ይገባል፤ ቆቡን ያወልቃል፤ ለሟቹ ይጸልያል፤ ከዚያ በምድጃው ዳር የተቀመጡትን ወንዶች አንድ በአንድ በዓይኑ ይለካል። "አንተ በራስጌ። አንተ ከእሱ ጎን። አንተ ወፍረሃል፣ በግርጌ ሁን" ይላል። የሚያጥር ሰው ሲኖር የድንች ጆንያ አጣጥፎ በትከሻው ላይ ያደርግለታል፤ ጆንያውንም ይዞ የሚመጣው እሱ ራሱ ነው። ሟቹ ተንጋዶ ከቤቱ መውጣት የለበትም ባይ ነበር። "ሰውየው በሕይወቱ ያዘነበለው ይበቃዋል" ሲል እሰማው ነበር።

መቁጠሪያው ተጸልዮ ሲያበቃ፣ የሸክላ ፒፓዎችና ትምባሆ በሳህን ሲዞሩ፣ ከሽማግሌዎቹ አንዱ "እስቲ ኮንዲ፣ ከየት እንደመጣን ንገረን" ይለዋል። ሁሉም ያውቀዋል፤ ግን ይለዋል። ኮንዲም ሁልጊዜ በአንድ ቃል ይጀምራል፦ "መጀመሪያ እዚህ አልነበርንም።"

እንዲህ ነበር የሚለው። ከባሕሩ ማዶ፣ በስኮትላንድ ምዕራብ ዳርቻ፣ ስዊኒ የተባለ አባት ነበራቸው፤ ቤተ መንግሥቱም በውሃ ዳር ነበር። ልጆቹ ረጃጅም መጥረቢያ የሚይዙ ወታደሮች ሆኑ። የዶኔጋሉ ጌታ ኦዶኔል ጠላት በበዛበት ጊዜ እነሱን ቀጠራቸው፤ በመርከብ ተሻግረው መጡ፤ ስለ ክንዳቸው ዋጋ የፋናድን ምድር አገኙ። ኮንዲ እዚህ ላይ ሲደርስ ፒፓውን ከአፉ አውጥቶ በበሩ በኩል ወደ ባሕሩ ያመለክታል። ከዚያ ስሙ በሦስት ቤት ተከፈለ፤ አንዱ በፋናድ ቀረ፣ ሁለቱ በዶኔጋል በሌላው ወገን ሰፈሩ። ከነሱም የተቀጠሩ ጎልማሶች መጥረቢያቸውን ይዘው እስከ ደቡቡ እስከ ኮርክ ወረዱ። "ዛሬ እዚያ ያሉት ማክስዊኒዎች ከእኛ መውጣታቸውን ረስተዋል" ይላል ኮንዲ፤ "እኛ ግን አልረሳናቸውም።" ከዚያ እንግሊዞች መሬቱን ወስደው ለሰዎቻቸው ሲያድሉ ስሙ ወደ ድንጋያማው ወገን ተገፋ፤ ማለት ወደ ሚንባን። ከዚያ የረኃቡ ዘመን መጣ፤ ስሙ በመርከብ ተጫነ። ቦስተን፣ ሞንታና፣ ሜልቦርን፣ ግላስጎው። የትኛው ቤት ማንን ወዴት እንደላከ፣ ማን እዚያ ወንድ ልጅ እንደወለደ ሁሉ ይዘረዝራል። በመጨረሻም ወደ ሣጥኑ ዞሮ "ይኸ የእኛ ሰው ደግሞ ከሌተርኬኒ ገበያ አልፎ የማያውቀው" ሲል ቤቱ በሙሉ ይስቃል፤ ሟቹ ቢሰማ ኖሮ እሱም የሚስቅ ይመስለኝ ነበር።

በየጊዜው የሚያቋርጠው ጄሚ ባን ነበር። ጠጉሩ ከልጅነቱ ነጭ ስለነበር ነው ባን የተባለው። "እንግዲህ ኮንዲ፣ በመጥረቢያ የሚገኝ መሬት ዛሬም ካለ ጠቁመን" ይለዋል፤ "ሚስቴ ከድንጋይ ጋር መታገል ሰልችቷታል።"

ኮንዲ በልቅሶ ቤት የማይነግረው አንድ ነገር ነበር፤ እኔ የሰማሁት ከሚስቱ ከናብላ ነው። እንደ ሌሎቹ የመንደሩ ሰዎች እሱም በየመኸሩ ስኮትላንድ እየተሻገረ ድንች ይለቅም ነበር። በከብት በረት፣ በገለባ ላይ ያድራሉ፤ ከንጋት ጀምሮ ጎንበስ እንዳሉ ይውላሉ። አንድ ዓመት የሚለቅሙበት እርሻ ያ የአባቶቹ ቤተ መንግሥት ካለበት ብዙ የማይርቅ ሆነ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጫማውን ጠርጎ በእግሩ ሄደ። ፍርስራሹን አገኘው፤ ግድግዳው ቆሟል፤ ጣሪያ የለውም፤ በጎች ገብተውበታል። የበጎቹ ባለቤት ከነውሻው መጥቶ ምን እንደሚፈልግ ጠየቀው። ኮንዲም፣ ያን ጊዜ ወጣት ነበርና፣ ይህ የእኛ ቤት ነበር አለው። ሰውየው ከጭንቅላቱ እስከ እግሩ አየውና "እንግዲያውስ ጣሪያውን ሳትጠግኑ ነው የሄዳችሁት" ብሎ ለውሻው አፏጨ። ኮንዲ ሱሪው ተቀዶ ተመለሰ። ናብላ ሱሪውን ስትጥፍ ነው የነገራት፤ ዳግመኛ አላነሳውም።

ሁለት ወንዶች ልጆች ነበሯቸው። ትልቁ ኦወን ጺሙ በቅጡ ሳይወጣ ወደ ሞንታና ሄደ፤ የመዳብ ማዕድን ውስጥ ገባ፤ ብዙም ሳይቆይ ድንጋይ ወደቀበት። ከዓመታት በኋላ ከዚያ የተመለሰ አንድ የፍሪል ሰው በመንደሩ ሲያልፍ፣ ኮንዲ መንገድ ላይ ጠበቀው። ልጁ እንዴት እንደሞተ አልጠየቀውም፤ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ማን ተሸከመው የሚለውን። ሰውየው ሊዋሽለት ይችል ነበር። ግን ደክሞትም ይሁን ሳያስብ፣ "በጋሪ ነው የሄደው፣ ኮንዲ። እዚያ ሁሉም በጋሪ ነው" አለው። ከዚያ ቀን በኋላ ኮንዲ ስለ አራቱ ነገር ልቡ ደነደነ። በፊት ሰው ሲታመምበት ወይም ሲዘገይበት ይቀልድ ነበር፤ አሁን ግን ቀልድ ቀረ። ለማክስዊኒ ሬሳ ያልደረሰ ማክስዊኒ ከኮንዲ ሰላምታ አይጠብቅም።

ችግሩ ግን ስሙ ማለቁ ነበር። እኔ በሚንባን ትምህርት ቤት መምህርት ሆኜ በተቀጠርኩ ጊዜ ከመቀመጫዎቹ አብዛኛዎቹ ባዶ ነበሩ። ቤቶቹ አንድ በአንድ ተዘጉ። መጀመሪያ መስኮቱ ይደፈናል፣ ከዚያ ጣሪያው ይጎብጣል፣ ከዚያ በበጋ አንድ ሰው ከግላስጎው መጥቶ ደጁ ላይ ቆሞ ያያል፤ ሳይገባ ይሄዳል። ስሙ በቦስተን ሱቅ ግንባር ላይ ተጽፎ እንደሚገኝ፣ በሜልቦርን የፖሊስ አዛዥ የሆነ ማክስዊኒ እንዳለ እንሰማ ነበር። በሚንባን ግን ሣጥን የሚያነሳ እየጠፋ ሄደ። ከሃያ ሰው ይመርጥ የነበረው ኮንዲ፣ አሁን የቀሩትን ጤና መጠየቅ ሥራው ሆነ። ጄሚ ባን ሲያስል ከሰማ መንገድ አቋርጦ ሄዶ "ደረትህን ሸፍን" ይለዋል። ጄሚም "ለእኔ አዝነህ አይደለም፣ ለትከሻዬ ነው" ይለዋል።

ታናሹ ልጅ ማኑስ በግላስጎው ነበር። ከዓለም ጦርነቱ በኋላ ሄዶ በመርከብ መሥሪያ ሥራ ገባ፤ የዚያን አገር ሴት አገባ፤ ልጆች ወለደ። በበጋ አልፎ አልፎ ብቻውን ይመጣል። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ለእናቱ የሚሳሳ ሰው ነበር። በመጣ ቁጥር ለማገዶ የሚሆነውን የረግረግ አፈር ቆርጦ፣ አድርቆ፣ ከቤቱ ጀርባ ከምሮላቸው ይሄዳል። ኮንዲ ከእሱ ጋር ሲሄድ ሰው እንዲያይለት በመንገዱ መካከል ነበር የሚራመደው።

ከዕለታት አንድ ቀን፣ በየካቲት ወር፣ የኮንዲ ታላቅ ወንድም ዶናል ሞተ። ዶናል ሳያገባ በኮንዲ ቤት ያረጀ፣ ማንንም ያላስቀየመ፣ ለሕፃናት ከእንጨት ጀልባ እየቀረጸ የሚሰጥ ሰው ነበር። በመንደሩ የቀሩት ስሙን የያዙ ወንዶች ሦስት ናቸው፦ ኮንዲ ራሱ፣ ጄሚ ባን፣ እና ከኮረብታው ላይ የሚኖረው ኒል። ኮንዲ የዚያኑ ዕለት ወደ ግላስጎው ቴሌግራም አስላከ። ቄሱንም፣ ዘመድ ይመጣል ብሎ፣ ቀብሩ አንድ ቀን እንዲቆይ ለመናቸው፤ ከግላስጎው የሚነሣው መርከብ ዴሪ ወደብ እስኪደርስ ማለት ነው። ጎረቤቱ በሙሉ የሚጠበቀው ለምን እንደሆነ ያውቅ ነበር። እኔም ትምህርት ቤቱን ዘግቼ ናብላን በምግብ ሥራ ላግዛት ሄድኩ።

ማኑስ በቀብሩ ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ደረሰ። እናቱን ሳማት፤ ለአጎቱ ተንበርክኮ ጸለየ፤ ፊቱንም በመዳፉ ሸፍኖ ጥቂት ቆየ። ኮንዲ ከኋላው ቆሞ ጠበቀው። ሲነሣ እጁን አልጨበጠውም፤ ትከሻውን ነው የዳሰሰው፤ እንደ በሬ ገዢ በመዳፉ ይዞ ጫን አለው። "ላንተ ጆንያ አያስፈልግም" አለ። ከኦወን ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ያን ማታ ታሪኩን ሲነግራቸው ጥርሱ ሳይከደን አመሸ አሉ፤ ግላስጎው ላይ ሲደርስም ድምፁን ከፍ አድርጎ ልጁን አየው።

በማግስቱ ጧት ቤቱ ሞልቶ ቄሱን እንጠብቃለን። ሣጥኑ በውስጠኛው ክፍል ነው፤ ወንበሮቹ ደጅ ወጥተዋል። ወንዶቹ ሻይ ይዘው በምድጃው ዙሪያ ቆመዋል። በልቅሶ ቤት መቀለድ በእኛ አገር ነውር አልነበረም፤ ሰውም አይቀየምበትም። ፊል ፍሪል፣ የናብላ የወንድሟ ልጅ፣ ባለፈው ክረምት ግላስጎው መንገድ ሲቆፍር ከርሞ የተመለሰ፣ የማኑስን ኩባያ ከናብላ እጅ ተቀብሎ በሁለት እጁ አቀረበለት።

"ይጠጡ፣ ሚስተር ቶምሰን" አለው ጎንበስ ብሎ፤ "ግላስጎው እንዲህ ያለ ሻይ የለዎትም።"

ሁለት ሦስት ሰው ሳቀ። ማኑስ አልሳቀም። ኮንዲ ጆንያውን ሲያጣጥፍ ነበር፤ እጁ ቆመ።

"ቶምሰን ማነው?" አለ።

ፊል አባትየው የሚያውቅ መስሎት ነበር፤ ፊቱ ደም መሰለ። "ቀልድ ነው፣ ኮንዲ" አለ።

"ቀልድ መሆኑን ሰምቻለሁ። ቶምሰን ማነው ነው ያልኩት።"

"እኔ ነኝ" አለ ማኑስ። ኩባያውን ከፊል እጅ ተቀብሎ መደርደሪያው ላይ አኖረው። "በመርከብ መሥሪያው እኔ ነኝ። ማርክ ቶምሰን።"

ከዚያ ሳይጠየቅ፣ ቀስ ብሎ ነገረው። ግላስጎው በገባ ጊዜ ክረምቱን በሙሉ በየበሩ ቆሞ ነበር። አለቃው ሲወጣ ስም ይጠይቃል፤ ማክስዊኒ ሲባል ሌላ መጠየቅ አያስፈልገውም፤ አገሩንም ካቶሊክነቱንም አውቆታል፤ ሥራ የለም ይላል፤ ከኋላው ያለው ደግሞ ይገባል። በመጨረሻ በሌላ በር ሄዶ፣ የእነሱን ስም ይዞ፣ ቶምሰን ነኝ አለ፤ በዚያው ቀን መዶሻ ተሰጠው። ለጥቂት ጊዜ ብቻ ነበር ያሰበው። ከዚያ ቤት ተከራየ፣ አገባ፣ ሁሉም በዚያ ስም ሆነ።

"ልጆችህስ?" አለ ኮንዲ።

"ልጆቼም።"

ኮንዲ ወደ ናብላ ዞረ። "አንቺ ታውቂ ነበር?" አላት። ናብላ የሻይ ማፍያውን ክዳን ከፍታ ወደ ውስጥ ተመለከተች። እኔ ከጎኗ ነበርኩ፤ ማፍያው ባዶ ነው።

"አባዬ" አለ ማኑስ፤ "አንተ አይደለህ ያስተማርከን? ወደዚህ አገር የመጣነው ተቀጥረን አይደለም? እነሱ መጥረቢያቸውን ሸጡ። እኔ ስሜን ሸጥኩ። በሁለቱም የተገዛው እንጀራ ነው።"

"እነሱ የሸጡት ክንዳቸውን ነው። ማን ናችሁ ሲባሉ አልዋሹም።"

"እነሱን ማን ናችሁ ያላቸው ሊቀጥራቸው ፈልጎ ነው። እኔን የጠየቀኝ ሊያባርረኝ ነው።"

ኮንዲ ለዚህ መልስ አልነበረውም፤ መልስ እንደሌለው ሁላችንም አየን። እሱም ማየታችንን አየ። አሁን ሳስበው፣ ነገሩ የከፋው እዚያ ላይ ይመስለኛል። ቄሱ በዚያ ቅጽበት ባይደርሱ ኖሮ ምናልባት ይቀመጥ ነበር፤ ምናልባትም ያለቅስ ነበር። ግን መኪናቸው ደጃፍ ቆመ፤ ሰው ተነሣ፤ ሣጥኑ ተከድኖ ወጣና በወንበሮቹ ላይ አረፈ። ማኑስ ኮቱን አውልቆ በራስጌ በኩል ቆመ። ኒልም ጄሚ ባንም ስፍራቸውን ያዙ።

ኮንዲ ጆንያውን በጄሚ ትከሻ ላይ አደረገለት፤ አስተካከለለት። ከዚያ "ፊል፣ ና" አለ። "እዚህ ግባ።"

ፊል ዙሪያውን አየ። "እኔ? እኔ እኮ ፍሪል ነኝ፣ ኮንዲ።"

"አውቃለሁ። ቶምሰን ከሆነ ማክስዊኒ፣ ፍሪል የሆነ ፍሪል ይሻለኛል።"

ናብላ በሰው መካከል ባሏን ተናግራው አታውቅም ነበር። ያን ጊዜ ግን ከበሩ ላይ ቆማ "ኮንዲ፣ ያለን እሱ ነው" አለች። ጄሚ ባንም፣ ጆንያው ትከሻው ላይ እንዳለ፣ "ዶናል ቢጠየቅ ማኑስን ነበር የሚለው" አለ።

"ዶናል ሞቷል" አለ ኮንዲ።

ማኑስ ከስፍራው ወጣ። ኮቱን አነሣ፤ አልለበሰውም፤ በክንዱ ላይ ይዞት ቆመ። ፊል እያፈረ ገባ። ወንበሮቹ ወደቁ። እንዲህ ሆኖ ዶናል ማክስዊኒ በሦስት የስሙ ሰዎችና በአንድ ፍሪል ትከሻ ከቤቱ ወጣ፤ ዕድሜውን በሙሉ ያን ሥርዓት የጠበቀው ሰው በገዛ እጁ አፈረሰው። ጄሚ ስላጠረ፣ ኮንዲም ስለሸመገለ፣ ሣጥኑ እስከ ድልድዩ ድረስ ወደ አንድ ወገን ተንጋዶ ነው የሄደው። ማኑስ ከኋላ፣ ከሴቶቹም ኋላ፣ ከእኛ ከማክአቲሮች ጋር ተራመደ። ድልድዩን ካለፍን በኋላ፣ ማንም ትከሻውን ማስገባት በሚችልበት መንገድ ላይ፣ ተራ የሚቀያየሩት ሰዎች ዓይናቸውን ወደ እሱ ጣል እያደረጉ ጠበቁት። አልገባም። ጎረቤት መሆን ለእሱ የሚከብድ ሆኖበት ይሆናል።

ኮንዲ ራሱ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው የሞተው። ጄሚ ባን ቀድሞት ነበር። ከሌተርኬኒ የሬሳ መኪና መጣ፤ ኒልና ሦስት የፍሪል ልጆች ከደጃፉ እስከ መኪናው በር አደረሱት፤ ያም ጥቂት እርምጃ ነው። ለግላስጎው ቴሌግራም የላክሁት እኔ ነኝ፤ ናብላን የማኑስን ስም እንዴት አድርጌ እንደምጽፍ ብጠይቃት "እሱ የሚያውቀውን ጻፊ" ብላኝ ነበር። መልስ አልመጣም። ዛሬ በሚንባን ማክስዊኒ የሚባል ሰው የለም። በበጋ ከአሜሪካ የሚመጡት ጎብኚዎች እኔን ከቤቴ ጠርተው፣ ማክስዊኒዎች የኖሩት የት ነው ብለው ይጠይቁኛል፤ አሳያቸዋለሁ፤ ግድግዳውን ፎቶ ያነሣሉ።

ወደዚያ ቀን ልመለስ። ከቀብር መልስ ለቤተ ሰዉና ለቄሱ ምግብ ቀረበ። የአጃ ቂጣ፣ የተቀቀለ እንቁላልና የአሳማ ሥጋ ነበር። ቄሱ አባ ማክዴይድ ወጣት ናቸው፤ ወደ ደብሩ ከተዛወሩ ገና ወራቸው ነው፤ ጧት በቤቱ ውስጥ የተባለውን አልሰሙም፤ ደጃፍ ላይ የሆነውንም ልብ አላሉትም። ኮንዲ ከገበታው ራስ፣ ቄሱ በቀኙ ተቀምጠዋል። ማኑስ ከምድጃው አጠገብ ባለችው ዝቅተኛ በርጩማ ላይ ነበር፤ በመንገድ የለበሰውን ኮት አላወለቀም። ናብላ እንቁላል ላጥታ በሳህን ሰጥታው በጉልበቱ ላይ ይዞታል፤ አልነካውም። አባቱ አንዴ እንኳ ወደዚያ ወገን አልዞረም። ማኑስ ግን ከአባቱ ዓይኑን አልነቀለም ነበር። የሆነ ቃል ቢወጣ፣ ስድብም ቢሆን፣ ሊነሣና ሊቀርብ የተዘጋጀ ሰው ይመስል ነበር።

ቄሱ ስለ ዶናል ደግ ነገር ተናገሩ፤ ስለ መንገዱ ጭቃ ተናገሩ። ከዚያ ሰው በዕድሜው ብዛት እንደሚጠየቀው ሁሉ፣ በቅን ልብ፣ "ኮንዲ፣ ልጆች አሉዎት?" አሉት።

ኮንዲ ቢላዋውን አስቀመጠ።

"አንድ ነበረኝ፣ አባ" አለ። "ኦወን የሚባል። ሞንታና ማዕድን ውስጥ ቀረ።"

"እግዚአብሔር ነፍሱን ይማር። ሌላስ?"

"ሌላ የለኝም።"

ናብላ ጀርባዋን እንደሰጠችን የምድጃውን ማገዶ ትገፋ ነበር፤ መግፋቱን አላቆመችም። እኔ ዳቦ መቁረጫው እጄ ላይ ቀረ። ማኑስ ሳህኑን ከነእንቁላሉ በምድጃው ጠርዝ ላይ አሳረፈ። ኮቱን ከላይ እስከ ታች ቆለፈ። ቆቡን ከመስኮቱ አንሥቶ በእጁ አዞረው፤ እናቱን አንዴ አየ፤ የበሩ ጉበን ለቁመቱ ዝቅ ያለ ነበርና አንገቱን ደፍቶ ወጣ።